«ፕሮጀክት ላውንች» ምንድን ነው?

የሦስት ዓመት ሕፃን ሲጋራ አያጨስም፤ አልኮልም አይጠጣም። ታዲያ ሥራው የአደንዛዥ ዕፅን ጉዳት መቀነስ የሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ምን ይፈልጋል? ፕሮጀክት ላውንችን ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ መነሳት ያስፈልጋል።

መሥሪያ ቤቱ በ1992 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ሥር የተቋቋመው የአደንዛዥ ዕፅና የአእምሮ ጤና አገልግሎቶች አስተዳደር ነው። በአጭሩ «ሳምሳ» ይሉታል። ላውንችን የጀመረው በ2008 ነው። «ላውንች» የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ስብስብ ሲሆን፣ ሲፈታ «በልጆች ጤና ረገድ ላልተሟሉ ፍላጎቶች ሥራዎችን ማስተሳሰር» እንደ ማለት ነው። በአማርኛ አያምርም፤ በእንግሊዝኛውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። ቁም ነገሩ ያለው ግን «ማስተሳሰር» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ፕሮጀክቱ ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆችን ይመለከታል። ሳምሳ ገንዘቡን በድጋፍ መልክ ለክፍላተ ግዛቶችና ለነባር ሕዝቦች ጎሳዎች ይሰጣል። ተቀባዩ በመጀመሪያ ጤናን፣ ትምህርትንና የልጆች ደኅንነትን የሚመሩ መሥሪያ ቤቶችን ከወላጆች ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ምክር ቤት ማቋቋም ይጠበቅበታል። አንዱን ሕፃን ሐኪሙ ለብቻው፣ መምህርቷ ለብቻዋ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋም ለብቻዋ ያውቁታል፤ ሦስቱ ግን አይተዋወቁም። ምክር ቤቱ የተፈለገው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአምስት መንገድ ይሄዳል። ልጆች በሚደርሱበት ቦታ ሁሉ ዕድገታቸውንና ስሜታቸውን በመጠይቅ መለየት አንዱ ነው። የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ከመደበኛው የሕፃናት ሕክምና ጋር ማዋሃድ፣ ቤት ለቤት የሚሄዱ ባለሙያዎችን ማጠናከርና ለወላጆች የልጅ አያያዝ ሥልጠና መስጠትም አሉበት። አምስተኛው በማቆያዎችና በአፀደ ሕፃናት የሚሰጠው የአእምሮ ጤና ምክር ነው። እኔን የሚገርመኝ ይኸኛው ነው፤ አማካሪው ሕፃኑን አያክመውም።

እንዲህ እናስበው። በአንድ ማቆያ ውስጥ ሌሎችን የሚነክስ የሦስት ዓመት ልጅ አለ እንበል። መምህርቷ ታክቷታል፤ የሌሎቹ ልጆች ወላጆችም አቤቱታ ያሰማሉ። አማካሪው መጥቶ ጥግ ላይ፣ በትንሿ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማስታወሻ እየያዘ ያያል እንጂ ልጁን ጠርቶ «ለምን ትነክሳለህ?» አይለውም። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ንክሻው የሚመጣው ሁልጊዜ መጫወቻ በሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። ልጁ የሠራው ግንብ ሳያልቅ በድንገት ይነሳበታል። ስለዚህ አማካሪው መምህርቷን «ከአምስት ደቂቃ በፊት ንገሪው፤ የቀኑን ቅደም ተከተል በሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፊለት» ይላታል። የእሷንም ድካም ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሕክምናው ይኸው ነው፤ ታካሚው ክፍሉ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያኔ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ዋልተር ጊሊያም በ2005 ያወጣው ጥናት፣ በ40 ክፍላተ ግዛቶች በመንግሥት ገንዘብ በሚደገፉ የቅድመ አፀደ ሕፃናት ክፍሎች ልጆች የሚባረሩበት መጠን ከአፀደ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲባረር ማለት ነው! ወንዶቹ የሚባረሩት ከሴቶቹ አራት እጥፍ በላይ ነበር። መምህራኑ እንዲህ ያለ አማካሪ በቅርብ በሚያገኙባቸው ክፍሎች ግን መባረሩ ቀንሶ ተገኝቷል።

ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የሚያገናኘው ታዲያ ምንድን ነው? አሜሪካ ሌላውን መንገድ ለረጅም ጊዜ ሞክራዋለች። በ1983 በሎስ አንጀለስ በተጀመረው «ዴር» በተባለ ፕሮግራም ፖሊሶች ክፍል እየገቡ ተማሪዎችን ስለ ዕፅ ጉዳት ያስተምሩ ነበር። ወላጆች ወደዱት፣ ፖሊሶችም ወደዱት። በዚያን ጊዜ በነበረው ትምህርቱ ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ግን ልጆቹ በኋላ ዕፅ በመጠቀማቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ዘላቂ ለውጥ አላገኙም።

በአንጻሩ በ1980ዎቹ አጋማሽ በባልቲሞር ከተማ ሼፐርድ ኬላም የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ስለ ዕፅ አንድ ቃል የማይነሳበትን ዘዴ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ፈተሹ። የመልካም ጠባይ ጨዋታ ይባላል። መምህሩ ክፍሉን በቡድን ከፍሎ ደንቡን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ጥፋቱን ከተወሰነው ቁጥር ያላሳለፈ ቡድን ሁሉ ያሸንፋል። ተመራማሪዎቹ እነዚያን ልጆች ወደ 20 ዓመት ዕድሜ ሲጠጉ ሲያገኟቸው፣ ጨዋታውን ከተጫወቱት ወንዶች መካከል በዕፅ ችግር የተያዙት ካልተጫወቱት በጉልህ ያነሱ ነበሩ። ልዩነቱ ይበልጥ የታየውም በአንደኛ ክፍል ተደባዳቢ በነበሩት ላይ ነው። ጨዋታው የላውንች አካል ስለሆነ አይደለም ያነሳሁት፤ የሁለቱ ሐሳብ አንድ ስለሆነ ነው። ቁጣውንና ትዕግሥት ማጣቱን መግራት ያልተማረ ሕፃን በአሥራዎቹ ዕድሜ ዕፅ ሲቀርብለት የሚመክትበት ነገር ያንሰዋል።

«የአእምሮ ጤና» ሲባል በአማርኛ ጆሯችን ቶሎ የሚመጣው ሕመሙ ነው፤ በሕፃን ላይ ሲነገርማ ጭራሽ ይከብዳል። እዚህ ላይ የሚለው ግን ልጁ የሚቀርበውን ሰው አምኖ መጠጋት፣ ሲከፋው መጽናናት፣ ደፍሮም መጫወት መቻሉን ነው። ከሚያሳድጉት ሰዎች ተለይቶ አይታይም። ለዚህም ነው ጨቅላው ሲመረመር ስለ እናቱም የሚጠየቀው። የወሊድ ድብርትን ለመለየት በስፋት የሚያገለግለው የኤዲንብራ መጠይቅ አሥር ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ እናትየዋ ተራዋን ስትጠብቅ ሞልታ ትጨርሰዋለች።

ደካማ ጎኑ ገንዘቡ ነው። ድጋፉ የሚሰጠው ለተወሰኑ ዓመታት ሲሆን፣ ሲያበቃ የአማካሪው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ክፍላተ ግዛቱ ራሱ መፍትሔ መፈለግ አለበት። የጤና መድን የሚከፍለው ስሙ ለተመዘገበና የሕመሙ ዓይነት ለተጻፈለት ታካሚ ነው። ጥግ ላይ በትንሿ ወንበር ተቀምጦ ክፍሉን ሲመለከት ለዋለ ባለሙያ ሒሳቡ በማን ስም ይጻፋል?