የሦስተኛ አገር ሽምግልና ምንድን ነው?

የሦስተኛ አገር ሽምግልና ማለት፣ ሁለት ተዋጊ መንግሥታት ፊት ለፊት መነጋገር ሲሳናቸው በጦርነቱ የሌለበት መንግሥት በመካከላቸው ገብቶ መልእክት ሲያመላልስ፣ የስምምነት ረቂቅ ሲያቀርብና ለፊርማ ሲያበቃቸው ነው። አሸማጋዩ ዳኛ አይደለም፤ ሁለቱም ካልተቀበሉት ረቂቁ ምንም ኃይል የለውም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ሰበብ የተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የዚህን አሠራር ጥንካሬም ድክመትም ያሳያል። አሜሪካና ሩዋንዳ፣ ቀጥሎም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቀረቧቸውን ሐሳቦች አንዱ ወገን ሲቀበል ሌላው እየገፋ ሁለት ዓመት አለፈ። መዘግየቱ የተከፈለው በሰው ሕይወት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች በምሽግ ረገፉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ከኤርትራ ተፈናቀሉ፤ በ1992 ዓ.ም. በጎዴ አካባቢ ድርቅ ሕፃናትን ሲቀጥፍ የሁለቱም ድሃ አገሮች ገንዘብ ለመሣሪያ ይውል ነበር። አብዛኛውን የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ያስተናግድ የነበረው የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ተዘጋ፤ ንግዱም ወደ ጅቡቲ ዞረ።

በመጨረሻ የተሳካላት አልጄሪያ ናት። በሰኔ 1992 ዓ.ም. ተኩስ እንዲቆም አስማማች፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ መለስ ዜናዊና ኢሳያስ አፈወርቂ በአልጀርስ የሰላም ስምምነቱን ፈረሙ። ስምምነቱ የድንበሩን ጥያቄ ለገለልተኛ ኮሚሽን ሰጠ፤ ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ተደነገገ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎችም በኤርትራ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ቀጠና ሰፈሩ።

በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ፊርማውን ያስገኙና የመሰከሩ መንግሥታት አፈጻጸሙን እስከ መጨረሻው አልተከታተሉም። ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ሲወስን፣ ኢትዮጵያ በመሬት ላይ ከመተግበሩ በፊት ውይይት ይቅደም አለች፤ ኤርትራ ደግሞ የተወሰነ ጉዳይ ዳግም ለድርድር አይቀርብም ብላ ጸናች። ሰላም አስከባሪዎቹ በ2000 ዓ.ም. ወጡ። ሁለቱ ሠራዊቶች ግን ተፋጠው ቆዩ፤ በኤርትራ ማብቂያ የሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ወጣቶችን ለስደት ዳረገ፤ የድንበር ገበያዎች ጠፉ፤ በሁለቱ ወገን ያሉ ቤተሰቦች ለቀብር እንኳ መድረስ ሳይችሉ ዓመታት ተቆጠሩ።

ኢትዮጵያ ውሳኔውን እንደምትተገብር ያስታወቀችው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድና ኢሳያስ አፈወርቂ በሳዑዲ ዓረቢያ ጅዳ ሌላ ስምምነት ፈረሙ፤ በዚያው ወር የተከፈቱት የድንበር ማለፊያዎች ግን በወራት ውስጥ ተመልሰው ተዘጉ።