የናፍጣው ማጭበርበርና የመኪና ገዢዎች ካሳ

ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቮልስዋገን ሕግ መጣሱን በይፋ አስታወቀ። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኩባንያው በናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ ፍተሻ የሚያታልል ሶፍትዌር ደብቆ ተገኘ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ጉዳዩ ነካቸው። የኩባንያው አለቃ ማርቲን ቪንተርኮርን በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ።

ዘዴው እንዲህ ነው። መኪና ላቦራቶሪ ውስጥ ሲፈተሽ ጎማው ሮለር ላይ ይሽከረከራል፤ መሪው ግን አይዞርም። ሶፍትዌሩ ይህንንና የፍጥነቱን ሁኔታ አይቶ ፍተሻ ላይ መሆኑን ይለያል። ያኔ የጭስ ማጣሪያው በደንብ ይሠራል። መንገድ ላይ ሲወጣ ይለግማል። ኤጀንሲው እንዳለው አንዳንዶቹ መኪኖች ከሚፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቁ ነበር። ይህ ጋዝ ሳንባ የሚጎዳ፣ አስም የሚያባብስ ነው። ነገሩ የተነቃው የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች መለኪያቸውን መኪና ላይ ጭነው መንገድ ላይ ስለነዱ ነው። አንዱን መኪና ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ወስደውታል።

ውሸቱ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነበር። ካሳው ግን ሰማይና ምድር ሆነ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ቶሎ አለቀ። በ2016 የሳን ፍራንሲስኮው ዳኛ ቻርልስ ብሬየር እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት አጸደቁ። ባለ 2 ሊትር ሞተር መኪና ያለው ሰው ምርጫ ተሰጠው። ከፈለገ መኪናውን ቅሌቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ ለኩባንያው ይመልሳል፤ ካልፈለገ አስጠግኖ ይነዳል። በሁለቱም መንገድ፣ አብዛኛው ባለቤት ከ5,100 እስከ 10,000 ዶላር ገደማ በእጁ ያገኛል። ኩባንያው መልሶ የገዛቸው መኪኖች ማቆሚያ አጥተው በሚቺጋን አሮጌ ስታዲየምና በካሊፎርኒያ በረሃ በሺዎች ተደርድረው ታይተዋል። እዚያ የቡድን ክስ ሲከፈት፣ አልፈልግም ብሎ ካልወጣ በቀር የተጎዳው ሁሉ ከሳሽ ሆኖ ይቆጠራል። ኩባንያውን ያስጨነቀው ይህ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ 8.5 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ነበሩ። ለእነሱ ባለቤቶች ቮልስዋገን ያቀረበው በአብዛኛው የሶፍትዌር ማስተካከያ ነው። ካሳ የለም ብሎ ድርቅ አለ። ጀርመን እንዲህ ያለ የቡድን ክስ ስላልነበራት እያንዳንዱ ገዢ ጠበቃ ይዞ ብቻውን መሟገት ነበረበት። የሕግ ወጪ መድን ያለው ሰው ቻለ። የሌለው ወይ ተወው፣ ወይ ከተፈረደለት ገንዘብ 35 በመቶ ለሚወስድ ድርጅት አሳልፎ ሰጠ። ሸማቾችን ወክሎ ማኅበር እንዲከስ የሚፈቅደው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ኖቬምበር 1 ቀን 2018 ነው። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ሊያልፍ ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው። የጀርመን ሸማቾች ማኅበራት ኅብረት በዚያው ዕለት ከሰሰ፤ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎችም ተመዘገቡ። በ2020 በተደረገው ስምምነት ከተመዘገቡት መካከል መስፈርቱን ላሟሉት ለእያንዳንዳቸው ከ1,350 እስከ 6,257 ዩሮ ቀረበ፤ በጠቅላላው 830 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተመደበ። የአሜሪካውን ላየ ሰው ይህ አንጀት አያርስም።

ትልቁ ፍርድ የመጣው በአንድ ተራ ገዢ ክስ ነው። ሰውየው በ2014 ሻራን የተባለ ያገለገለ የቮልስዋገን መኪና በ31,490 ዩሮ ገዛ። ሜይ 25 ቀን 2020 የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ቮልስዋገን ሆን ብሎ፣ ከመልካም ሥነ ምግባር ውጭ ገዢውን ጎድቷል ሲል ፈረደ። ሰውየው መኪናውን መልሶ ወደ 25,600 ዩሮና ወለድ አገኘ። ቀሪው የተቆረጠው መኪናውን ለነዳበት ነው። መኪናው በዕድሜው 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ይገመታል፤ ገዢው የነዳው ተሰልቶ ከዋጋው ይቀነሳል። ይህ ስሌት ለገዢው በጣም ከባድ ነው። ክሱ በተጓተተ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ይጨምራል፣ ካሳው ይመናመናል። ይኸው ፍርድ ቤት ጁላይ 30 ቀን 2020 መኪናው ዕድሜውን ጨርሶ ከሆነ ምንም ላይቀር ይችላል ብሏል። ቅሌቱ ከታወቀ በኋላ የገዛም ካሳ አያገኝም ተባለ። አጭበርባሪው ጊዜ በመግዛት ሲጠቀም ማየት ያናድዳል።

ማርች 21 ቀን 2023 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በአንድ የመርሴዲስ ጉዳይ በሩን ሰፋ አደረገው። መኪናው የጭስ ማጣሪያውን የሚያዳክም የተከለከለ መሣሪያ ካለውና ገዢው በዚያ ከተጎዳ፣ አምራቹ በቸልተኝነትም ቢሆን ካሳ ይከፍላል አለ። ሆን ብሎ ማጭበርበሩን ማስረዳት ግዴታ መሆኑ ቀረ። የጀርመኑ ፍርድ ቤት ጁን ላይ ተከትሎ መጠኑን ከመኪናው ዋጋ ከ5 እስከ 15 በመቶ አደረገው። ገዢው መኪናውን መመለስ አይጠበቅበትም።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ቮልስዋገን ሜይ 2022 ለ91 ሺህ ገደማ ከሳሾች 193 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ጥፋት አላመነም። በሌሎች አምራቾች ላይ የቀረበው ግዙፍ ክስ ደግሞ ኦክቶበር 2025 ለንደን ላይ መሰማት ጀመረ። መርሴዲስ፣ ፎርድ፣ ኒሳን፣ ሬኖና ፔጆ-ሲትሮይን ተጠይቀውበታል፤ ሁሉም ያስተባብላሉ።

በጀርመን ወይም በእንግሊዝ የምትኖሩ፣ በእነዚያ ዓመታት የናፍጣ መኪና የገዛችሁ ካላችሁ፣ ዜግነታችሁ ለውጥ አያመጣም። የሚታየው ግዢው ነው። መቼ ተገዛ፣ የት፣ በስንት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ። የሽያጭ ውሉን፣ የመኪናውን መታወቂያ ወረቀትና ከአምራቹ የመጣ ደብዳቤ ካለ አትጣሉ። ብዙ መኪኖች ላይ ይርጋው አልፏል፤ አንዳንዶቹ ላይ ገና ነው። ስለዚህ ጠበቃ መጀመሪያ የምትጠይቁት ቀኑን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከካሳው ላይ ስንት በመቶ እንደሚቆርጥ ነው፤ ያንን ሳይሰሙ አይፈረምም።