«አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሳ ልመልሰው። «አያቶቻችን የሚያውቁትን እንስሳ ፈረንጅ እንዴት አገኘሁ ይላል?» ቅሬታው እውነት አለው። የባሌና የአርሲ ሰው የደጋ አጋዘንን ከጥንት ያውቀዋል። ሳይንሳዊ ስም የወጣለት ግን በ1910 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

«አዲስ» ማለት ለሳይንስ አዲስ ማለት ነው። ማንም አይቶት አያውቅም ማለት አይደለም። ከዘመዶቹ የሚለይበት ነገር ይገለጻል፣ ሁለት ቃል ያለው ስም ይወጣለታል፣ ጽሑፉ ይታተማል። ዛሬ ደግሞ ስሙ የሚመሠረትበት ናሙና መመረጥ አለበት። ነገ ክርክር ቢነሳ ተመልሰው የሚያዩት እሱን ነው።

ናሙናው ሙሉ አካል ላይሆን ይችላል። በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ፣ መንገድ ላይ የአንዲት የሌሊት ወፍ ያልሆነች፣ ግን በሌሊት የምትበር ወፍ ክንፍ ተገኘ። ክንፍ ብቻ! በ1995 ካፕሪሙልገስ ሶላላ ተባለች። «ሶላላ» ከላቲን የመጣ ነው፤ «ክንፍ ብቻ» እንደማለት። በጣም የምወደው ምሳሌ ነው።

የስም አወጣጡ ደንብ ቁርጥ ያለ ነው። ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ ንዑስ ዝርያ የሚለው ግን ከተመራማሪ ተመራማሪ ይለያያል። ዋልያችን ላይ እንኳ ሁለቱም አስተያየት አለ።