«ባሉን» የሚባለው ዓሣ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የገዛሁት ባሉን ሞሊ (ሞሊ ቤት ውስጥ በገንዳ የሚረባ ትንሽ ዓሣ ነው) ነጭ ነበር፤ ላዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት። ሆዱ ድብልብል ያለ ነው። «ደርሳለች» ብዬ ትንሽ ገንዳ ለብቻዋ አዘጋጀሁላት። ሞሊ እንቁላል አይጥልም፤ ጫጩቶቹ ነፍስ ዘርተው ነው የሚወለዱት፤ እርግዝናውም አንድ ወር ገደማ ነው። ወሩ አለፈ፣ ሁለተኛው ተደገመ፣ ሆዱ እንዳለ ነው። አንድ ዓሣ አርቢ ጓደኛዬ ቤት መጥቶ ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ይሄ እኮ ወንድ ነው!»

ባሉን ማለት ፊኛ ነው፤ ነጋዴዎች «ሾርት ቦዲ» ማለትም አጭር አካል ይሉታልም። ራሱን የቻለ የዓሣ ዝርያ ግን አይደለም። ባሉን ሞሊ ያው ሞሊ ነው፤ ባሉን ራምም ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ፣ ከቬንዙዌላና ከኮሎምቢያ የመጣው ራም የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው። የተለየው አከርካሪያቸው ነው። መቁጠሪያን አስቡት፤ የፍሬዎቹ ቁጥር ብዙም ሳይጎድል እያንዳንዱ ፍሬ ተጨፍልቆ ቁልፍ ቢያክል ክሩ ያጥራል። የእነዚህ ዓሦች የጀርባ አጥንትም እንዲሁ ነው፤ አንጓዎቹ ተጨፍልቀዋል፣ አንዳንዶቹም እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንጀቱ፣ ጉበቱና ዓሣው ውኃ ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበት የአየር ከረጢቱ ግን አብረው አላጠሩም። ለሦስት ሰው በተሠራ የታክሲ ወንበር ላይ አራት ሲጠጋጋ የሚሆነው ሆነ፤ ትርፉ በሆድ በኩል ወጣ።

ስለዚህ ባሉንን ለመለየት ከሆዱ በፊት ጀርባውን እዩ። እኔን ያሳሳተኝ ሆዱ ነው።

ዓሣው ከጎን ሲታይ ግንባሩና የላይኛው ክንፉ ሥር ተቀራርበው ጀርባው እንደ ጉብታ ይነሳል። ጭንቅላቱ፣ ዓይኑና ክንፎቹ ግን መጠናቸው የጤነኛ ዓሣ ስለሆነ ለአካሉ የተዋሱት ይመስላሉ። ከዚያ ከላይ እዩት። ትክክለኛ ባሉን ከአፉ እስከ ጭራው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ወደ ግራና ቀኝ እንደ እባብ ከተጣመመ፣ በተለይ ድሮ ቀና ብሎ የኖረ ዓሣ ካደገ በኋላ ከጎበጠ፣ ያ በሽታ ወይም የምግብ ጉድለት ነው፤ የዓሣ ሳንባ ነቀርሳም እንዲህ ያደርጋል።

እርግዝናን ለመለየት ሞሊ ላይ አቋራጭ አለ። ከሆዱ ሥር፣ ከፊንጢጣው ኋላ ያለችውን ክንፍ ተመልከቱ። እንደ ማራገቢያ ከተዘረጋች ሴት ናት፤ እንደ ስንጥር ቀጥና ወደ ኋላ ከተጣጠፈች ወንድ ነው፣ ወንድ ደግሞ አያረግዝም። ይህችን ባውቅ ኖሮ ሁለት ወር አልጠብቅም ነበር።

ድሮፕሲ የሚባለው ውኃ የመቋጠር ሕመምም ሆድ ይነፋል። እሱ ግን ቅርፊቱን ያስነሳዋል፤ ብርድ የመታት ዶሮ ላባዋን እንደምታቆም። እዚህ ላይ ፐርልስኬል የሚባለው ጎልድፊሽ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ክብ ነው፣ ቅርፊቱም ያበጠ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ግን እያንዳንዱ ቅርፊት መሐሉ ላይ ነጭ፣ ጠጣር እብጠት አለው እንጂ ጫፉ ከአካሉ አልተላቀቀም። ታሞ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

ሌላው ማነጻጸሪያ የራሱ ዘመድ ነው። ዲስከስ የሚባለው ዓሣ እንደ ሳህን ክብ ነው፤ ባሉን የሚለው ግን የለም፣ አባትና እናቱም እንደዚያው ናቸውና። ብለድ ፓሮት የሚባለው ብርቱካንማ ዓሣ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ የተገኘ ድቅል ነው፤ አካሉ ማጠሩ ብቻ ሳይሆን አፉም በደንብ አይገጥምም፤ ምግቡን የሚያደቅቀው ጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ መካን ናቸው። ቀለሙን ወድጄለታለሁ፣ አፉን ሳይ ግን እጄ ወደ ኪሴ አይገባም።

ቀለም እንደ ምልክት አይቆጠርም፤ ጥቁርም ወርቃማም ባሉን ሞሊ አለ። ሙቀት ግን ጣልቃ ይገባል፤ ይህ እኔንም አስገርሞኛል። ጃፓኖች ሜዳካ የምትባል ትንሽ ዓሣ ያረባሉ፤ አጭሯን «ዳሩማ» ይሏታል፣ እጅና እግር በሌለው ክብ አሻንጉሊታቸው ስም። ዘሩ ያለበት እንቁላል 30 ዲግሪ ገደማ በሚሆን ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲያድግ አጭርነቱ ጎልቶ እንደሚወጣ አርቢዎቹ ያውቃሉ። ከአንድ እናት የተወለዱ እህትማማቾች አንዷ ድብልብል፣ አንዷ ከፊል አጭር፣ አንዷ ቀጥ ያለች ልትሆን ትችላለች።

አያያዙ እንደ ዝርያው ነው። ባሉን ራም እንደማንኛውም ራም ሞቅ ያለና ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰበት ውኃ ይፈልጋል፤ ሞሊ ጨዋማነትና ማዕድን የበዛበትን ይችላል። ልዩነቱ ምግብ ሲበተን ይታያል። አጭሩ ዓሣ ጭራውን በኃይል እያወዛወዘ ገና መንገድ ሲጀምር ቀጫጭኖቹ ጨርሰው ተመልሰዋል። ስለዚህ ፈጣን ዓሦች ካሉበት ገንዳ አታስገቡት።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ ጥቂት ምግብ እንዲበትን ጠይቁት፤ ከዚያ መዋኘት ያቆመውን ጠብቁ። ሳይገለበጥና አፍንጫው ወደ ታች ሳይወድቅ ባለበት ቀጥ ብሎ ከቆመ የአየር ከረጢቱ ይሠራል። እሱን ይቅዳላችሁ።