የኪነ ጥበብ ጋዜጠኝነት፦ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታጠፈው ገጽ

የኪነ ጥበብና የባህል ጋዜጠኝነት ስለ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ፊልም፣ መጽሐፍና ሕንፃ የሚጽፍ የሙያው ዘርፍ ነው። ዜናም፣ ቃለ መጠይቅም፣ ምርመራም አለው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን በሂሱ ነው። ዜና ክፍል ውስጥ "ቀላል ወሬ" ተብሎ ይታለፋል። በጀት ሲቀነስም መቀሱ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ እ.ኤ.አ. በ1759 በፓሪሱ ሉቭር ስለሚታየው የሥዕል ዐውደ ርዕይ መጻፍ ጀመረ (ሌሎቹ ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጽሑፉ የሚወጣው በእጅ እየተገለበጠ በሚላክ መጽሔት ነበር። ደንበኞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሩሲያዋ ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን አንዷ ነበረች። ደንበኞቹ ሥዕሎቹን አላዩም። ፎቶግራፍ ደግሞ ገና አልተፈለሰፈም። ስለዚህ ዲድሮ ማን የት እንደቆመ፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደገባ፣ ፊቱ ላይ ምን እንደሚነበብ አንድ በአንድ ይተርክላቸዋል። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እስከ ዛሬ ጥሩ ሂስ የሚጻፈው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ያሳያል፣ ቀጥሎ ይፈርዳል።

ሃያሲ ይሳሳታል። አንዳንዴም ክፉኛ። በ1874 በፓሪስ ጥቂት ሠዓሊዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ዐውደ ርዕይ ከፈቱ። ሉዊ ለርዋ የተባለ ጋዜጠኛ "ለ ሻሪቫሪ" ለተባለው የቀልድ ጋዜጣ ሊዘግብ ሄደ። የክሎድ ሞኔን የባሕር ወደብ ሥዕል አየና አላገጠበት። ገና ያላለቀ የግድግዳ ወረቀት እንኳ ከዚህ ይሻላል አለ። የሥዕሉ ርዕስ ውስጥ "ኢምፕሬሽን" (በቅጽበት የሚያድር ስሜት) የሚል ቃል ስለነበር ሠዓሊዎቹን "ኢምፕሬሽኒስቶች" ብሎ ቀለደባቸው። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ የለርዋን ስም የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፤ ያወጣው ስም ግን በየሙዚየሙ ተጽፏል። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ቢኖር፣ የሂስ ዋጋው ሁልጊዜ በትክክለኛ ፍርድ አለመለካቱን ነው። አንድ ጋዜጣ አንድ ሰው ላከ። ሰውየው ሄዶ አየ፣ ጻፈም።

በትክክል ሲሠራ ደግሞ ከተማ ያስቆጣል። የ"ኒው ዮርክ ታይምስ" የሕንፃ ሃያሲ ኤዳ ልዊዝ ሃክስተብል፣ በ1963 የኒው ዮርኩ ፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ መፍረስ ሲጀምር በብርቱ ተቃውማ ጻፈች። ጣቢያው አልተረፈም። በ1965 ግን ከተማዋ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ሕጉን ያመጣው የእሷ ብዕር ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቁጣው ውስጥ ግን ነበረችበት። በ1970 የአሜሪካ ጋዜጠኞች ትልቅ ሽልማት የሆነው ፑሊትዘር ለሂስ ሲሰጥ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እሷ ሆነች።

ታዲያ ምን ነካው? ባጭሩ፣ ብሩ ሄደ። የባህል ገጽ የሚኖረው በኮንሰርት፣ በፊልምና በጥቃቅን ማስታወቂያዎች ነበር። የቤት ኪራዩም የሥራ ፍለጋውም ማስታወቂያ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ገጹ ባዶውን ቀረ። በ1955 የተመሠረተው የኒው ዮርኩ ሳምንታዊ "ቪሌጅ ቮይስ" የትንንሽ ቴአትር ቤቶችን ሥራ እየተከታተለ ይሸልም ነበር። በ2017 ከኅትመት ወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ፣ በ2021 ደግሞ ዳግም ብቅ አለ። "ፒችፎርክ" የተባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ በ2024 ሠራተኞቹ ተቀንሰው በ"ጂኪው" የወንዶች መጽሔት ሥር ተጠቃለለ። በ2025 የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ የመጽሐፍ ሂስ ማውጣት አቆመ። የእሱን ጽሑፍ እየወሰዱ ያትሙ የነበሩ ትንንሽ ጋዜጦችም አብረው አጡት።

አለቆች የሚያሳዩት ማስረጃ የክሊክ ቁጥር ነው። የአንድ ትንሽ ቴአትር ሂስ ጥቂት መቶ ሰው ያነበው ይሆናል። ውሸት አይደለም። ቴአትሩ ግን መጋረጃው ሲወርድ ያልቃል፤ ካልተቀረጸ በቀር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተዋናይዋ እንዴት እንደተጫወተች የሚነግረን ያ ሂስ ነው። ክሊክ ይህን አይቆጥርም።

ክፍተቱን ፕሮሞሽን ሞላው። ሆቴል ክፍል ውስጥ ተዋናዩ ይቀመጣል። ጋዜጠኞች ተራ በተራ ይገባሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ደቂቃ። በሩ ጋ የኩባንያው ሰው ሰዓቱን እያየ ይቆማል። ከበድ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ሰው በሚቀጥለው አይጠራም። ነገሩ የሚገርመው፣ የሃያሲያንን አስተያየት ሰብስቦ በመቶኛ የሚያወጣው "ሮተን ቶሜቶስ"ን ብዙ ሰው ፊልም ከማየቱ በፊት ያየዋል። ያ ቁጥር የሚሠራው ከሥራ እየተባረሩ ካሉት ሰዎች ጽሑፍ ነው።

አንዳንዶቹ በኢሜይል ወደሚላክ የራሳቸው ጽሑፍና ወደ ፖድካስት ዞረዋል። የተሳካላቸው አሉ። ሆኖም እዚያ ኤዲተር የለም፤ "ዛሬ ማንም የማያውቃትን ሠዓሊ ሄደህ እይ" ብሎ የሚልክ የለም። ሁሉም የሚወደውን ይጽፋል። አንባቢው ግን ከኪሱ ይከፍላል፤ ለባህል ገጽ አንባቢ የለም ይሉ የነበሩት አለቆች ይህን እንዴት እንደሚያስረዱት እንጃ።