ጊዜያዊ የአቅጣጫ ምልክት ምንድን ነው? በአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ለምን ይከብዳል?

በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ወደ መመገቢያ አዳራሽ የሚወስደው ኮሪደር ለቧንቧ ጥገና 10 ቀን ሊዘጋ ነው እንበል። ነዋሪዎቹ እስከዚያው በጓሮ በር ወጥተው፣ የአትክልቱን ዳር ይዘው፣ በጎን በኩል ወደ አዳራሹ ይገባሉ። ይህን ተለዋጭ መንገድ ለእነዚያ ቀናት ብቻ የሚያሳይ ወረቀት፣ ታፔላ ወይም በማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሰሌዳ ነው ጊዜያዊ የአቅጣጫ ምልክት የሚባለው። ሊፍት ሲበላሽ፣ ሕንፃ ሲታደስ፣ ክትባት በሌላ ክፍል ሲሰጥ፣ ተላላፊ በሽታ ገብቶ አንዱ ክፍል ሲዘጋ ያስፈልጋል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ብዙ ጊዜም አንዱ ሠራተኛ ጠዋት ከቢሮ ማተሚያ አውጥቶ በፕላስተር ለጥፎት ይሄዳል። እንደኔ እንደኔ ግን በእንዲህ ያለ ግቢ ከቋሚው ታፔላ ይልቅ ብዙ ሊታሰብበት የሚገባው ጊዜያዊው ነው። ነዋሪ ወደ ምሳ ሲሄድ ታፔላ አያነብም፤ እግሩ መንገዱን ያውቀዋል። ቋሚው ምልክት በአብዛኛው የሚጠቅመው እንግዳን ነው። ጊዜያዊው የሚያናግረው ግን የለመደውን ሰው ነው፣ ያውም ከልማዱ ሊያወጣው። ሊያነብ ያላሰበን ሰው አስቁሞ ማስነበብ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

የመርሳት ችግር ሲጨመርበት ይብሳል። አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፤ አዲስ ነገር የምንይዝበትና የቦታን አቀማመጥ በአእምሯችን የምናስቀምጥበት። ለዓመታት የተሄደበት መንገድ በልማድ ሊቆይ ይችላል፤ ትናንት የተነገረው ተለዋጭ መንገድ ግን ዛሬ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ሁለት ቀን ካዩት ይለምዱታል» የሚባለው ለሁሉም አይሠራም። ምልክቱ በ10ኛው ቀንም እንደ መጀመሪያው ቀን ተሟልቶ፣ ጥጉ ሳይላቀቅ፣ በቦታው መገኘት አለበት።

ከዚያ የዓይን ጉዳይ ይመጣል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ይወፍራል፣ ቢጫነትም ይይዛል፤ ብሌኑም ይጠባል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሰማያዊን ከአረንጓዴ መለየት ይከብዳል። የገባውም ብርሃን ዓይን ውስጥ ስለሚበተን ነጸብራቅ ያስቸግራል። አሁን ያንን ወረቀት እንየው። እንዳይቆሽሽ ተብሎ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ላሚኔት ተደርጓል፤ ከጣሪያው መብራት ሥር ተለጥፏል። ከፊት ለፊቱ ለቆመው የ30 ዓመት ሠራተኛ ጥርት ብሎ ይነበባል። ወገባቸው ጎበጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ ለሚያዩት እናት ግን መሃሉ ላይ የሚታየው የመብራቱ ነጭ ጨረር ብቻ ነው፤ ቀስቱ ደግሞ የተሣለው እዚያው ላይ ነው። የማያንጸባርቅ ላሚኔት ቢደረግ ወይም ወረቀቱ ከመብራቱ ትይዩ ፈቀቅ ቢል ችግሩ ይቃለላል።

የፊደሉ መጠንም ሌላ ራስ ምታት ነው። በታፔላ ሥራ የተለመደው ስሌት ለየ3 ሜትሩ ርቀት 25 ሚሊ ሜትር ቁመት ነው። ከ6 ሜትር ርቀት እንዲነበብ ከተፈለገ ፊደሉ 50 ሚሊ ሜትር ሊሆን ነው ማለት ነው። ኤ4 ወረቀት በአግድሙ 297 ሚሊ ሜትር ስለሆነ «መመገቢያ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ከዳር እስከ ዳር ትሞላዋለች። ለማብራሪያ ቦታ የለም፤ ባይኖርም ጥሩ ነው። በአማርኛ የሚጻፍ ከሆነ ቀጭን ወይም ያጌጠ ፊደል ባይመረጥ ይሻላል። «ቡ» ከ«ቢ» የምትለየው በአንዲት ቅጥያ ቦታ ብቻ ነው፤ ለደከመ ዓይን ያቺ ቅጥያ ቶሎ ትጠፋለች።

ምን ይጻፍ ለሚለው፦ «ተዘግቷል» ብቻ ማለት ሰውን በሩ ላይ ገትሮ መተው ነው። የሚሄድበትን ንገሩት፤ «ወደ መመገቢያ» እና አንድ ቀስት። በነባሩ ቀስት ላይ የኤክስ ምልክት መሥራትም አያዋጣም፤ ነዋሪው ኤክሱን ትቶ የሚያውቀውን ቀስት ሊከተል ይችላል። ከዚያ ይልቅ ነባሩን ታፔላ መሸፈን ነው፤ የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት ግን በምንም ምክንያት አይሸፈንም።

ቦታው ደግሞ ሰው ቀኝ ልሂድ ግራ የሚልበት መታጠፊያ ነው እንጂ የተዘጋው በር ብቻ አይደለም። በመራመጃ ፍሬም 40 ሜትር ሄዶ ተዘግቶ ማግኘትና መመለስ ለአንዳንዱ የዕለቱን አቅም መጨረስ ነው። ከመታጠፊያው በኋላም ረጅም መንገድ ካለ መሃሉ ላይ አንድ ተጨማሪ ምልክት ይደረግ፤ ሰው ጠፋሁ ብሎ እንዳይመለስ።

ምልክቱ ራሱ እንቅፋት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እግሮቹን ዘርግቶ ኮሪደር መሃል የቆመ ማቆሚያ ለከዘራም ለዊልቸርም አደጋ ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደንብ የመተላለፊያ ስፋት በጥቅሉ ከ915 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይጠይቃል፤ ሰሌዳው ሲቆም ይህ መለካት አለበት። ወለል ላይ የሚለጠፍ ጠቋሚ ደግሞ እኔ አልመርጥም። የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ጠቆር ያለውን ነገር ጉድጓድ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ሊያልፈው ሲሞክርም ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የዚሁ ደንብ እትም ለ7 ቀን ወይም ከዚያ በታች የሚቆዩ ምልክቶችን ከምልክት መስፈርቶቹ ነፃ ያደርጋል። ለአንድ ቀን ዝግጅት ይህ ይገባኛል። ኮሪደር ለ5 ቀን ሲዘጋ ግን ሕጉ ነፃ ስላደረገን ብቻ ደብዛዛ ወረቀት ልንለጥፍ አይገባም፤ መንገድ የሚያምታታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና። በመጀመሪያው ጠዋት እንዲያውም ከምልክቱ አጠገብ ሰው ቢቆም ደግ ነው።

ማንሣቱንም የሥራው ግማሽ አድርጌ ነው የማየው። በምልክቱ ጀርባ የሚነሣበት ቀንና የሚያነሣው ሰው ስም ይጻፍ። ጥገናው አልቆ ሳምንት የቆየ «በዚህ በኩል» ነዋሪውን ያለ ምክንያት በአትክልቱ ዳር ያዞረዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛውን ምልክት ሲያይም አያምነውም። ኮሪደሩ በተከፈተ ማግስትም አንዳንዱ ተለዋጩን መንገድ ለምዶት በጓሮ በር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ያ በር ወዲያው ከመቆለፉ በፊት ሠራተኛ ለአንድ ሁለት ቀን በምግብ ሰዓት ቢጠብቀው ይሻላል።