ቤተ ልሔም ግቢያችን ውስጥ ነው

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

የገና ሌሊት ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። ማኅሌቱ አልቆ ቅዳሴ ሊገባ ነው። ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል፣ በየእጁ ጧፍ ይበራል። ቃጭል ተሰማ። ካህናቱና ዲያቆናቱ ከቤተ ልሔም፣ የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርባት ቤት፣ ወጡ፤ አንዱ ኅብስቱ ያለበትን መሶበ ወርቅ ተሸክሟል፣ ከላይ ጃንጥላ ተይዟል። ሕዝቡ ጎንበስ አለ። መንገዱ ላይ ግን ሦስት ወጣቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ሰልፊ ይነሱ ነበር። ጧፉን ወደ ፊታቸው ያስጠጋሉ፣ ያርቃሉ፣ ብርሃኑን ያስተካክላሉ። ቃጭሉ ጆሯቸው ሥር ተደወለ። አልሰሙም። ዲያቆኑ ዞሯቸው አለፈ።

በልጆቹ ላይ ለመፍረድ አፍ የለኝም። እኔም አንድ ዓመት አራጁ በጊዜ ይመጣል ብዬ፣ ድርገት ሳይወረድ፣ ቁርባኑ ለሕዝቡ ሳይሰጥ፣ ሹልክ ብዬ ወጥቻለሁ። ለበጉ ስል በጉን ትቼ ሄድኩ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ወንጌላዊው ሉቃስ «የበኩር ልጅዋንም ወለደች፥ በመጠቅለያም ጠቀለለችው፤ በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም አስተኛችው» ይላል (ሉቃ. 2፥7)። ይህን ቃል ስሰማ ድሮ የማዝነው በቤተ ልሔም ሰዎች ነበር። ምነው አንድ ጥግ ቢሰጧት እያልኩ። አሁን ዓይኔ የሚያርፈው ግርግም የሚለው ላይ ነው። ግርግም የከብት መብል የሚቀመጥበት ነው። ቤተ ልሔም ማለት ደግሞ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በእንጀራ ቤት ተወለደ፣ መብል በሚቀመጥበት ተኛ። ገና በተወለደባት ሌሊት «ብሉኝ» እያለን ነበር።

አባቶቻችን ይህን አውቀው ነው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያችን ትንሽ ቤት ሠርተው ስሟን ቤተ ልሔም ያሏት። የኅብስቱ ስንዴ የሚቦካው፣ የሚጋገረውም እዚያ ነው። ለመገበሪያ ብላችሁ የምትሰጡት ስንዴና ዘቢብ ወደዚያች ቤት ነው የሚገባው። ቃጭሉ የሚደወለው ኅብስቱ ከዚያ ወጥቶ ወደ መቅደስ ሲሄድ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በአንጾኪያ ሳለ፣ ልደት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ባስተማረው ትምህርት፣ ይህ ማዕድ በግርግሙ ቦታ ቆሟል ብሎ ነበር። ልደትን ለማየት የግድ ኢየሩሳሌም መሳለም አያስፈልግም ማለት ነው። ጫማችንን አውልቀን ከቆምንበት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

ታዲያ ከኅዳር 15 ጀምረን ጾመን፣ ሌሊቱን ቆመን፣ ማዕዱ ሲቀርብ ወደ ዶሮ ወጡ የምንሮጠው ምን ሆነን ነው? የጾመ ሰው ይፈስክ፣ ይደሰት፣ ጎረቤት ይጥራ። ይሄ ነውር የለውም። ግን የልደቱን ባለቤት መቅደስ ውስጥ ትተነው ማንን ልናከብር ነው ቤታችን የገባነው? ስለ ገና ዛፍና ስለ መብራቱ በየዓመቱ እንጨቃጨቃለን። እኔን ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ዛፉን አውጥተን ብንጥለውም፣ ሳንቆርብ ከገባን ቤቱ ያው ባዶ ነው። «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ፤ እስራኤል ግን አላወቀም» ያለው ኢሳይያስ (1፥3) ይሄኔ ነው የሚያስፈራኝ።

በየደብሩ የሚቆርበውን ተመልከቱ። ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መሐል ያለነው የት ገባን? ብንጠየቅ መልሳችን አንድ ነው፤ «አልበቃሁም»። ማን በቅቶ ያውቃል? እረኞቹ ሌሊት መንጋ ሲጠብቁ ነው የተጠሩት። ልብሳቸው በግ በግ እየሸተተ ሄደው አገኙት። አለመብቃትህ ከተሰማህ ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ። እንዳትሄድ የሚያደርግህ ከሆነ ግን፣ ልጄ፣ ያ ትሕትና አይደለም።

ያን ሌሊት ከጎኔ አንዲት እማማ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ቆመው ነበር። ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል። ድርገት ሲወረድ አወረዱትና ጉንጩን ዳሰስ ዳሰስ እያደረጉ «ተነሥ የኔ አባት፣ ጌታ መጣልህ» አሉት። ዓይኑን እያሸ ሄዶ ቆረበ። ሲመለስ አፉን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑለት። ትልቅ ትምህርት ተምሬ ወጣሁ።

በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ይህ ተግሣጽ እናንተን አይመለከትም። ታኅሣሥ 29 ለእናንተ እንደማንኛውም የሥራ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። በሩ ተቆልፎባችሁ፣ ማድ ቤት ጥግ በስልክ ቅዳሴ እያዳመጣችሁ ያለቀሳችሁ አላችሁ። በከብት ጋጣ ያደረ ጌታ ያንን ማድ ቤት ያውቀዋል። የምናገረው መንገዱ ክፍት ለሆነልን ነው።

ንስሐ አባት የሌላችሁ፣ የሚመጣው እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ አትቸኩሉ። በሩ ላይ መስቀል የሚያሳልሙትን ካህን ጠጋ በሉና «አባ፣ ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» በሏቸው። ከአፍ የሚወጣው ይህችው ናት። የቀረውን እሳቸው ያውቁበታል።